ሞተሩ የተጣራ አየር ሲስብ ተሳፋሪው ምን ይተነፍሳል?

መኪናዎን ሰርቪስ አስደርገው ከጋራዥ ሲወጡ ደረሰኙ ላይ «የዘይት ፊልትሮ፣ የአየር ፊልትሮ» የሚል መስመር ሳይኖር አይቀርም። የአየር ፊልትሮ ተቀየረ ሲባል ብዙ ሰው መኪናው ውስጥ የሚተነፍሰው አየር የሚጣራበት ዕቃ የታደሰለት ይመስለዋል። አብዛኛውን ጊዜ የተቀየረው ግን የሞተሩ ነው። ሞተሩ አቧራ ስቦ እንዳይበላሽ ከኮፈኑ ሥር የራሱ ፊልትሮ አለው። እሱ ከተዘጋ መኪናው ጉልበት ያንሰዋል፣ ነዳጅ ይፈጃል፤ ስለዚህ ባለመኪናውም መካኒኩም አይረሱትም።

ለሹፌሩና ለተሳፋሪዎቹ የተሠራው ሌላኛው ፊልትሮ ሲዘጋ ግን ሞተሩ ላይ የሚታይ ነገር የለም። የሚታየው ሰው ላይ ነው፤ መኪና ውስጥ ሲገቡ በሚጀምር ማስነጠስ፣ በዓይን ማሳከክ፣ በጉሮሮ መከርከር። አንዳንድ ባለመኪኖች መኪናውን ከገዙ ጀምሮ አንድም ቀን አላዩትም፤ መኖሩን የማያውቁም ጥቂት አይደሉም። የዛሬው ጽሑፋችን ይህ ፊልትሮ ለጤናዎ ምን እንደሚሠራ፣ ምን እንደማይሠራ፣ እንዲሁም ቤትዎ ደጃፍ ላይ እንዴት ራስዎ ሊቀይሩት እንደሚችሉ ይመለከታል።

ስሙ የካቢን ፊልትሮ ነው፤ በየጋራዡ የኤሲ ፊልትሮ የሚሉትም አሉ። ኤሲ ላይ ብቻ የሚሠራ እንዳይመስልዎ። ከፊት መስታወቱ ሥር ባለው ወንፊት የሚገባው የውጭ አየር፣ ቀዝቃዛም ይሁን ሙቅ፣ ወደ ፊትዎ ከመድረሱ በፊት በእሱ ውስጥ ያልፋል። ደጋግሞ የታጠፈ ወረቀት ወይም የጨርቅ መሳይ ነገር ነው፤ ስፋቱ ከመካከለኛ መጽሐፍ ብዙም አይበልጥም።

የሚይዘው አቧራ፣ የአበባ ብናኝ፣ የቅጠል ስብርባሪ፣ ከፍሬንና ከጎማ የሚረግፍ ብናኝ፣ እንዲሁም የጭስ ጥላሸት ነው። ትልልቁን ብናኝ በደንብ ያስቀራል። ደቂቁን ግን የሚይዘው በከፊል ነው። ሐኪሞችን በይበልጥ የሚያሳስበው ደግሞ ይኸው ደቂቁ ነው። ስፋቱ ከ2.5 ማይክሮን የማይበልጥ ብናኝ ከሰው ፀጉር ውፍረት 30 ጊዜ ገደማ ያንሳል፤ በአፍንጫ ፀጉርም ሆነ በጉሮሮ አክታ ሳይያዝ እስከ ሳንባ ጥግ ይወርዳል፣ ከፊሉም ወደ ደም ያልፋል። ጉዳቱ ሳንባ ላይ ብቻ አይቆምም፤ ከልብ ሕመምና ከስትሮክ ጋርም ይያያዛል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያ የዚህ ብናኝ ዓመታዊ አማካይ መጠን በአንድ ሜትር ኪዩብ አየር ውስጥ ከ5 ማይክሮ ግራም እንዳይበልጥ ይመክራል። ከዓለም ሕዝብ 99 በመቶ የሚሆነው ከድርጅቱ መመሪያ በላይ የተበከለ አየር እንደሚተነፍስም ገልጿል። የናፍጣ ሞተር ጭስ ደግሞ የድርጅቱ የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2012 ካንሰር አምጪ ከሆኑት ነገሮች ተርታ መድቦታል።

መስኮት ዘግቶ መንዳት ከዚህ ሁሉ የሚያስጥል ይመስላል። መኪናው ግን የሚሄደው ጭሱ በሚለቀቅበት መሐል መንገድ ላይ ነው። ዳገት ላይ ጥቁር ጭስ የሚተፋ የጭነት መኪና ተከትለው ሲቆሙ የእርሱ ጭስ ማስወጫና የእርስዎ አየር ማስገቢያ ፊት ለፊት ናቸው። መስኮቱ ቢዘጋም ማራገቢያው ያንኑ ጭስ ስቦ ያስገባል።

ጉዳቱ ለሁሉም እኩል አይደለም። ሕፃናት ቶሎ ቶሎ ስለሚተነፍሱ ከክብደታቸው አንጻር ከአዋቂ የበለጠ አየር ያስገባሉ፤ ሳንባቸውም ገና በማደግ ላይ ነው። ነፍሰ ጡር እናቶች፣ አረጋውያን፣ የልብ ሕመም ያለባቸው ሰዎችም በቀላሉ ይጎዳሉ። የአስም ሕመምተኛ ደግሞ ትንሽ አቧራ ወይም ሻጋታ የአየር ቧንቧውን ሊያጠብበት ይችላል። ጠዋት ከቤት ደህና የወጣ ልጅ ትምህርት ቤት ሲደርስ ደረቱ የሚያፏጭ ከሆነ መንስኤውን ትምህርት ቤቱ ውስጥ ብቻ መፈለግ ትክክል አይደለም፤ በመሐል ግማሽ ሰዓት መኪና ውስጥ ነበር። ቀኑን ሙሉ ከመሪው የማይነሱ የታክሲ ሹፌሮችን ነገር መገመት አያዳግትም።

ለመሆኑ የእርስዎ መኪና ይህ ፊልትሮ አለው? እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የተሠሩት የቶዮታ ዲ ኤክስ መኪኖችና ለብዙ ዓመት በከተማችን ታክሲ ሆነው ያገለገሉት ላዳዎች የላቸውም። ከ2000 ወዲህ የተሠሩ አብዛኞቹ የቤት መኪኖች አላቸው። አልፎ አልፎ የሚያጋጥም አስገራሚ ነገር ደግሞ አለ፤ ማስቀመጫ ቤቱ እያለ ፊልትሮው ከፋብሪካ ሳይገባለት የተሸጠ መኪና። ወይም የቀድሞው ባለቤት አውጥቶ ጥሎት ባዶውን የሚነዳ። ከውጭ ያገለገለ መኪና የገዛ ሰው ከፍቶ ካላየ በቀር አለኝ ብሎ ባይተማመን ጥሩ ነው።

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተወሰነ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና ያልገዛ ጎረቤት ማግኘት እያስቸገረ ነው። የኤሌክትሪክ መኪና የሞተር አየር ፊልትሮ የለውም፤ ዘይትም አያስቀይርም። ስለዚህ ምንም የሚቀየር ፊልትሮ የሌለው የሚመስላቸው አሉ። የካቢን ፊልትሮ ግን አለው። መኪናው ራሱ ባያጨስም የጎረቤቱን ጭስ ይስባል።

ፊልትሮው መቀየር እንዳለበት የሚያመለክቱ ነገሮች አሉ። ማራገቢያው በከፍተኛው ቁጥር ሲሠራ ድምፁ ይጮኻል፣ የሚወጣው ነፋስ ግን ደካማ ነው። ዳሽቦርዱ ተወልውሎ በማግስቱ አቧራ ይለብሳል። ማራገቢያውን ሲከፍቱ የእርጥብ ጨርቅ ወይም የሻጋታ ሽታ ይመጣል። ክረምት ላይ ደግሞ የፊት መስታወቱ በእንፋሎት ይሸፈንና አልጠራ ይላል፤ ይህ እንግዲህ ከጤናም አልፎ የትራፊክ አደጋ ጉዳይ ነው።

ሽታውን ብዙዎቻችን የምናስወግደው መስታወት ላይ የሚንጠለጠል የመኪና ሽቶ ገዝተን ነው። ሽቶው ሻጋታውን አያጠፋውም፤ ሽታውን ብቻ ይሸፍነዋል። ለአስም ሕመምተኛ ደግሞ ጠንካራ ሽቶ ራሱ ሕመሙን ሊቀሰቅስበት ይችላል። ሽቶውን አንሥቶ ፊልትሮውን ማየት ይሻላል።

በየስንት ጊዜ ይቀየር? አምራቾች እንደየመኪናው ዓይነት በአብዛኛው ከ15 ሺህ እስከ 25 ሺህ ኪሎ ሜትር ወይም በዓመት አንድ ጊዜ ይላሉ፤ አቧራ በበዛበት አካባቢ ደግሞ ከዚያ ፈጥኖ። የእኛን ሁኔታ ካየን ሁለተኛው ነው የሚመለከተን። በጋው ደረቅ ነው፤ ኮረኮንችና ፒስታ መንገድ አለ፤ በየሰፈሩ ግንባታ አለ። በእኔ ግምት የሚመቸው ግንቦት ላይ፣ የበጋውን አቧራ ጠግቦ ከከረመ በኋላና ዝናቡ ከመክበዱ በፊት መቀየር ነው። መስከረም ላይ ደግሞ ሳይቀይሩም ቢሆን አውጥቶ ማየት ይገባል፤ ክረምቱን እርጥብ ሆኖ ከርሞ ሻጋታ አብቅሎ ሊሆን ይችላልና። ከባሕር ዛፍ ወይም ከሌላ ዛፍ ሥር መኪና የሚያቆሙ ከሆነ ከፊት መስታወቱ ሥር ያለውን ቅጠል ዘወትር ይልቀሙ። ቅጠሉ የውሃ መውረጃውን ሲደፍነው ውሃው ወደ ፊልትሮው ቤት የሚገባበት ጊዜ አለ።

ሲገዙ የመኪናውን ሞዴልና የተሠራበትን ዓመት ይዘው ይሂዱ፤ ከሁሉ የሚሻለው ግን አሮጌውን አውጥቶ በፌስታል ጠቅልሎ ለናሙና መውሰድ ነው። ሶማሌ ተራም ሆነ ሌላ የመለዋወጫ ሱቅ ቢሄዱ ሻጩ በዓይኑ አመሳስሎ ይሰጥዎታል። ሁለት ዓይነት ያገኛሉ። አንዱ ነጭ ሲሆን ብናኝ ብቻ ይይዛል። ሌላው ጠቆር ያለና የከሰል ዱቄት ያለበት ነው፤ ሽታንና የተወሰኑ ጋዞችንም ይቀንሳል። አቅም ካለ በትራፊክ መጨናነቅ ውስጥ ለሚውል ሰው ሁለተኛው ይመረጣል። ከሁለቱም በላይ የሚያስፈልገው ልክ መሆኑ ነው። በጎኑ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ካለ አየሩ በዚያ ያልፋል፤ ያን ጊዜ ውድ ፊልትሮም ቢሆን አይረባም።

አሁን ወደ ሥራው። በአብዛኞቹ መኪኖች ፊልትሮው ያለው ከተሳፋሪው ጉልበት ፊት፣ ሊብሬና ወረቀት ከምናስቀምጥበት የዳሽቦርድ ሳጥን ጀርባ ነው። እንደ ምሳሌ እ.ኤ.አ. ከ2008 ወዲህ በብዛት የመጣውን ኮሮላ እንውሰድ። ካቻቢቴ እንኳን አያስፈልገውም፤ ለጀማሪ ሩብ ሰዓት ይበቃዋል።

ሞተሩን ያጥፉ፣ ቁልፉንም ይንቀሉ፤ ማራገቢያው እየሠራ ክዳኑ ቢከፈት አቧራው ፊትዎ ላይ ይበተናል። የተሳፋሪውን በር በሰፊው ይክፈቱ፣ ወንበሩን ወደ ኋላ ይግፉ። ማስክ ያድርጉ። አስም ወይም አለርጂ ያለበት ሰው ይህን ሥራ ለሌላ የቤተሰብ አባል ቢተው ይመረጣል፤ ልጆችም በዚያ ሰዓት መኪናው ውስጥ ባይኖሩ ጥሩ ነው።

ሳጥኑን ከፍተው ባዶ ያድርጉት። በጎኑ ሳጥኑ ቀስ ብሎ እንዲከፈት የሚይዘው ትንሽ ዘንግ አለ፤ እሱን በጣትዎ ከመንጠቆው ያላቅቁ። ከዚያ የሳጥኑን ግራና ቀኝ ግድግዳ በሁለት እጅዎ ወደ ውስጥ ጫን ሲያደርጉት ሳጥኑ ይለቅና ወደ ታች ይንጠለጠላል። ኃይል አይጠቀሙ፤ ፕላስቲክ ነው፣ በተለይ ፀሐይ ሲመታው የኖረ ከሆነ ይሰነጠቃል። ከጀርባው አግድም የተጋደመ ጠባብ ክዳን ያያሉ። በጫፎቹ ያሉትን መያዣዎች ጫን ብለው ወደ ራስዎ ሲስቡት ይወጣል። በአካባቢው ቢጫ የሽቦ መጋጠሚያ ካዩ ግን አይነካኩት፤ አብዛኛውን ጊዜ የኤርባግ ነው። የኤሌክትሪክ መኪና ያላችሁ ደግሞ ብርቱካናማ ገመድ የተባለን ነገር ፈጽሞ አትንኩ፤ ከፍተኛ ኃይል የሚያልፍበት ነው።

አሮጌውን ከማውጣትዎ በፊት ጠርዙ ላይ ያለውን ቀስት ልብ ይበሉ፤ በስልክዎ ፎቶ ቢያነሡት የተሻለ ነው። ሲያወጡት አግድም እንደተጋደመ ይሳቡት። ካጋደሉት ላዩ ላይ የተከመረው ቅጠልና አቧራ ወደ ማራገቢያው ይራገፋል። አያራግፉት፣ አይምቱት። ቀጥታ ፌስታል ውስጥ ያስገቡትና ይቋጥሩት።

ቤቱን በእርጥብ ጨርቅ ይወልውሉ። አዲሱን ሲያስገቡ ቀስቱን በአሮጌው አቅጣጫ ያድርጉት። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ አንዳንዱ ቀስት የአየሩን መሄጃ የሚያሳይ ሲሆን አንዳንዱ ደግሞ፣ በተለይ የቶዮታው፣ «አፕ» ተብሎ ተጽፎበት ወደ ላይ መሆን ያለበትን ጎን ያመለክታል። ጽሑፉን ሳያነቡ ቀስት ብቻ አይተው አያስገቡ። ክዳኑን «ቀጭ» እስኪል ይግጠሙ፣ ሳጥኑን ይመልሱ። መጨረሻ ላይ መስኮቶቹን ከፍተው ማራገቢያውን በከፍተኛ ቁጥር ለጥቂት ደቂቃ ያሠሩት። እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ። አዲሱ ጠርዝ ላይ ቀኑንና ኪሎ ሜትሩን በእስክሪብቶ ጽፈው ካስገቡት ደግሞ በሚቀጥለው ጊዜ መቼ ነበር ብለው አይጨነቁም።

በሌሎች መኪኖች ቦታው ይለያያል። ከፊት መስታወቱ ሥር በኮፈኑ በኩል የሚገኝበት አለ፤ ከመሪው ወይም ከማርሹ ጎን የተሸጎጠም አለ። የመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ያሳያል። ብሎን መፍታትና ዳሽቦርድ መነቃቀል የሚጠይቅ ከሆነ ለመካኒክ መስጠት ይሻላል፤ ሲሰጡ ግን «የካቢኑን ነው» ብለው ይግለጹ፣ አሮጌውንም ያሳዩኝ ይበሉ።

በየጋራዡ የተለመደ አንድ አሠራር አለ፤ አሮጌውን አውጥቶ በኮምፕሬሰር ነፍቶ መልሶ ማስገባት። ላይ ላዩ ነጣ ስለሚል የጸዳ ይመስላል። ነገር ግን የአየሩ ግፊት ቃጫዎቹን ይከፍታቸዋል፤ ደቂቁ ብናኝ ደግሞ እዚያው ውስጥ ተቀብሮ ይቀራል። የተነፋውን አቧራ የሚተነፍሰውም አጠገቡ የቆመው ሰው ነው። ውሃ ማጠብም እንዲሁ አይሆንም፤ መመሪያው ይታጠባል ካላለ በስተቀር ለሻጋታ መጋበዝ ነው።

ክዳኑን ሲከፍቱ የተቀዳደደ ወረቀት፣ ጭድና ጥቁር ፍሬ መሳይ ነገር ካገኙ አይጥ ጎጆ ሠርታበታለች ማለት ነው። ውጭ የሚያድር መኪና ላይ ይህ እንግዳ አይደለም። የአይጥ ኩስና ሽንት በሽታ ሊያስተላልፍ ስለሚችል ደረቁን አይጥረጉ፣ አይንፉም። ጓንትና ማስክ አድርገው በሮቹን ከፍተው ያናፍሱ፤ አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውሃ በጥብጠው በጨርቅ ነክረው ቆሻሻውን ያርጥቡ፣ ጥቂት ደቂቃ ቆይተው ይልቀሙት። ውህዱን ማራገቢያው ውስጥ አያፍስሱ። ጎጆው ወደ ማራገቢያው ዘልቆ ከገባ መካኒክ ፈትቶ ያጽዳው።

እስካሁን ስለሚሠራው ተናገርን። የማይሠራውን ማወቅ ግን ሕይወት ያድናል። የትኛውም የካቢን ፊልትሮ፣ ከሰል ያለበትም ቢሆን፣ ካርቦን ሞኖክሳይድን አያስቀርም። ይህ ጋዝ በሞተር ቃጠሎ የሚፈጠር፣ ቀለምም ሽታም የሌለው ነው። ቤት ውስጥ የከሰል እሳት አፍኖ ገደለ ሲባል የምንሰማው ይኸው ጋዝ ነው። በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ንጥረ ነገር ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በሆነ ኃይል ይይዘዋል፤ ሰውየው እየተነፈሰ ሰውነቱ አየር ያጣል። ጋዙ ብቻውን ባይሸትም ከጭስ ጋር ስለሚመጣ በመኪናዎ ውስጥ የጭስ ሽታ ዘወትር የሚሰማዎት ከሆነ ፊልትሮ መቀየር መፍትሔ አይደለም። ጭስ ማስወጫው ተቀድዶ ወይም የኋላው በር ላስቲክ ተበልቶ ሊሆን ይችላል። በመኪና ሲጓዙ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ ድብታ የሚሰማዎትና ሲወርዱ የሚተውዎ ከሆነ፣ በተለይ አብረውዎ ያሉትም ተመሳሳይ ስሜት ካላቸው፣ መኪናውን አቁመው ወደ ንጹሕ አየር ይውጡ። ራሱን የሳተ ወይም ግራ የተጋባ ሰው ካለ በፍጥነት ወደ ጤና ተቋም ይወሰድ። መኪናው ሳይጠገን ዳግም ሰው አይጫንበት። በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ ሞተር አስነሥቶ ማሞቅም በዚሁ ምክንያት አደገኛ ነው፤ የግቢው በር መከፈቱ ብቻ አይበቃም፣ መኪናው ራሱ ውጭ ይውጣ።

በመኪና ውስጥ ለሚጨስ ሲጋራም ፊልትሮው ፈውስ አይሆንም። መስኮት ከፍቶ ማጨስ የኋላ ወንበር ላይ ያለውን ልጅ አያድነውም።

አንድ ገንዘብ የማይጠይቅ ነገር ልጨምር። ዳሽቦርዱ ላይ የመኪና ሥዕል ያለበት፣ በውስጡ ዞሮ የሚመለስ ቀስት የሚታይበት ቁልፍ አለ። እሱ ሲጫን የውጭ አየር ይዘጋና የውስጡ ይዞራል። ጭስ የሚተፋ መኪና ከፊትዎ ሲገባ ወይም አቧራማ መንገድ ላይ ሲደርሱ ይጫኑት፤ ካለፉ በኋላ ይመልሱት። ረስተውት ረጅም መንገድ ቢሄዱ፣ በተለይ መኪናው በሰው የተሞላ ከሆነ፣ የምንተነፍሰው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚጠራቀም ሹፌሩን ድካምና እንቅልፍ ይጫነዋል። ክረምት ላይም መስታወቱን በእንፋሎት ይሸፍነዋል። ፊልትሮ በሌለው አሮጌ መኪና የሚሄድ ሰው ዋና መከላከያው ይህ ቁልፍና ከፊቱ ካለው መኪና መራቅ ነው።

ሕዝብ ታክሲ ለሚጠቀሙ አንባቢዎቻችን ግን ነገሩ ይለያል። ሰው በተጠጋጋበት ሚኒባስ ውስጥ ከውጭው አቧራ እኩል የሚያሳስበው ከሰው ወደ ሰው በትንፋሽ የሚተላለፈው በሽታ ነው። «ነፋስ ይመታኛል» ብሎ መስኮት ማስዘጋት የተለመደ ቢሆንም ጉንፋንም የሳንባ ቲቢም የሚመቻቸው የታፈነ ቦታ ነው። ጭስ በበዛበት ዘግቶ፣ መንገዱ ሲለቅ መክፈት የተሻለው መንገድ ይመስለኛል።

ፊልትሮውን ከቀየሩ በኋላ መኪና ውስጥ የነበረው ማስነጠስና ማሳከክ እየቀነሰ መሄድ ይኖርበታል። የአስም መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች ቀለል አለን ብለው መድኃኒታቸውን በራሳቸው እንዳያቋርጡ፤ የመንፊያው መጠን የሚስተካከለው በሐኪም ነው። ሳሉ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ከቆየ፣ አክታው ደም ከቀላቀለ፣ ሌሊት የሚያልብና ክብደት የሚቀንስ ከሆነ ደግሞ ምክንያቱን መኪናው ላይ መፈለግ ይብቃ። በአቅራቢያዎ ወደሚገኝ ጤና ጣቢያ ሄደው ይመርመሩ፤ የቲቢ ምርመራና ሕክምና በመንግሥት ጤና ተቋማት በነፃ ይሰጣል።